«ምነው እዚህ በነበርክ»፦ ስለ ፒንክ ፍሎይድ የናፍቆት ዘፈኖች በስህተት የሚባሉ ነገሮች

ሲድ ባሬት የእንግሊዙን የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድን ከመሠረቱት አንዱ ነው። የአእምሮ ጤናው ታውኮ በ1968 እ.ኤ.አ. ከባንዱ ተለየ። ጓደኞቹ በ1975 ያወጡት «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» («ምነው እዚህ በነበርክ») አልበም በእሱ አለመኖር ዙሪያ የተሠራ ነው፤ የተሳሳተ ወሬም በዝቶበታል።

«ለሞተ ጓደኛ የተዘፈነ ነው»

ባሬት ያኔ በሕይወት ነበር፤ ያረፈው በ2006 ነው። እንደ ሙሾ የሚሰማው ሰው ዋናው ሕመም ያመልጠዋል። ሞት ቁርጥ አለው፤ እዚያው እያለ የራቀ ወዳጅ ግን ቁርጥ የለውም።

«ድንገት ስቱዲዮ ሲመጣ አይተውት ጻፉለት»

መምጣቱ እውነት ነው፤ ጁን 5 ቀን 1975 አቢ ሮድ ስቱዲዮ ገባ። ወፍሮ፣ ፀጉሩንና ቅንድቡን ተላጭቶ ስለነበር መጀመሪያ ማንም አላወቀውም። ስለ እሱ የተዘፈነው የአልበሙ «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» ግን ከዚያ በፊት፣ በ1974 መድረክ ላይ ተጫውቷል።

«መግቢያው ላይ ያለው ጩኸት የቀረጻ ጉድለት ነው»

ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ አልበሙ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ብልሃት ያለ አይመስለንም። የአልበሙን ስም በያዘው የርዕሱ ዘፈን መጀመሪያ የሚሰማው ጣቢያ ሲቀያየር የተቀዳ የባንዱ ጊታር ተጫዋች የዴቪድ ጊልሞር የመኪና ሬዲዮ ነው። ቀጥሎ ባለ 12 ክር ጊታር ይገባል፤ ድምፁ ሬዲዮ ውስጥ ያለ እንዲመስል ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶለት ቀጥኗል። ከዚያ ሌላ ጊታር ጥርት ብሎ ከጎን ይጀምራል፤ አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ሬዲዮኑን የሚያጅብ ይመስላል። አንዱ ሩቅ፣ አንዱ ቅርብ። ገና ቃል ሳይወጣ ናፍቆቱ ተነገረ ማለት ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ልዩነቱ ይጠፋል።

«ሐዘን ያለበት ዘፈን ማይነር ነው»

ማይነር ብዙ ጊዜ ሐዘን የሚሰማበት፣ ሜጀር ደግሞ ብሩህ የሚመስል የድምፅ ቅኝት ነው፤ የርዕሱ ዘፈን ግን ጂ ሜጀር ነው። «ሻይን ኦን» ጂ ማይነር ቢሆንም የጊልሞር አራት ኖታዎች ቢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኢ ናቸው። ጆሮ መጨረሻ ላይ ኢ ፍላት ሲጠብቅ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው ኢ ይመጣል፤ ሐረጉም ሳያርፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የባንዱን ቤዝ ተጫዋችና ግጥም ጸሐፊ ሮጀር ዋተርስን ግጥም ያስጻፈውም ይኸው ሐረግ ነው።

«ግጥሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ናፈቅከኝ ይላል»

አይልም። አብዛኛው ጥያቄ ነው፦ ገነትን ከሲኦል ትለያለህ ወይ? ምን ሰጥተህ በምን ለወጥክ? «እኔ» የሚለው የመጨረሻው ክፍል ላይ፣ ናፍቆቱ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ወዲያው «እኛ» ይከተላል፣ የጠፋነው ሁለታችንም ነን ይላል። ዋተርስም በከፊል ለራሱ እንደጻፈው ተናግሯል።

«የፍቅር ዘፈን ነው»

ይህ ስህተት የሚመጣው ከእንግሊዝኛው ተውላጠ ስም ነው፤ ጾታ አይለይም። አማርኛ ግን ያስገድዳል፤ «በነበርሽ» ብሎ የሚተረጉም ዘፈኑን ለፍቅረኛ ይሰጠዋል። «በነበርክ» ይሻላል፤ ሆኖም ለራስ የተነገረውን ጎን ስለማያሳይ ጥያቄዎቹን ሳያለሰልሱ እንዳሉ መተርጎም ያስፈልጋል።