ኢንተርናሽናል ብሬክ ምንድን ነው? ሊግ ለብሔራዊ ቡድን መቆም አለበት?

ደሴ ፒያሳ ያሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች በዓመት አራት አምስት ጊዜ ጭር ይላሉ። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፣ ግን አርሴናል የለም፣ ማንቼም የለም። ስክሪኑ ላይ ስማቸውን እንኳ በደንብ የማናውቃቸው ሁለት አገሮች ይጫወታሉ። «ምነው ልጄ፣ ዛሬ ኳስ የለም እንዴ?» ብለው የሚጠይቁ አባት አይጠፉም። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «የለም ጋሼ፣ ብሬክ ነው።»

ብሬክ የሚለውን ቃል ሁሉም ያውቀዋል። ማን እንዳዘዘው፣ ማንን እንደሚያስገድድና ማንን እንደማያስገድድ ሲጠየቅ ግን ወሬው ይደበላለቃል። ክርክሩ ወደ አገራችን ሊግ ሲመጣ ደግሞ ይባስ ይከራል። የብሔራዊ ቡድናችን ልጆች፣ ዋልያዎቹ፣ ስለተጠሩ ሊጉ ይቁም? ወይስ ይቀጥል?

ከመነሻው እንጀምር። ኢንተርናሽናል ብሬክ ማለት የክለቦች ውድድር በዓመቱ መሃል ለአጭር ጊዜ ቆሞ ተጫዋቾች ወደየብሔራዊ ቡድናቸው የሚሄዱበት ጊዜ ነው። መስኮት የሚባሉትን እነዚህን ቀኖች የሚወስነው ፊፋ ነው። ለብዙ ዓመት የለመድነው አደራደር በፈረንጆቹ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳርና መጋቢት አንድ አንድ መስኮት፣ ከዚያም በሰኔ ሌላ መስኮት የሚከፍት ነው። የተለመደው መስኮት ሰኞ ይከፈትና በሳምንቱ ማክሰኞ ማታ ይዘጋል። ዘጠኝ ቀን መሆኑ ነው። በነዚህ ቀናት አንድ ብሔራዊ ቡድን ቢበዛ ሁለት ጨዋታ ያደርጋል።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ ላይ ነው። ፊፋ ክለብን የሚያስገድደው ተጫዋቹን እንዲለቅ ነው። ሊጉን ዝጋ ብሎ በሩን የሚቆልፍበት የለም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚቆመው ሃያ ክለቦች ዋና ዋና ተጫዋቾቻቸውን አጥተው መጫወት ስለማይፈልጉ ነው። እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ሦስተኛው እርከን፣ ሊግ ዋን የሚሉት፣ በብሬክ ሳምንትም ይጫወታል። እዚያ ያለው ደንብ ቀላል ነው። ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ተጫዋች ለብሔራዊ ቡድን የተጠራበት ክለብ ጨዋታዬ ይራዘምልኝ ማለት ይችላል። ያልተጠራበት ይጫወታል። ይህን ደንብ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመልቀቅ ግዴታው ግን ቀልድ አይደለም። የተጠራ ተጫዋች «ጉልበቴን አሞኛል» ብሎ ከቀረ በመስኮቱ ቀናት ለክለቡም መሰለፍ አይችልም። ፌዴሬሽኑ ካልፈቀደለት እገዳው መስኮቱ ከተዘጋ በኋላም አምስት ቀን ይጨመርበታል። ደንቡ እንዲህ የጠበቀው ክለቦች ተጫዋች መደበቅ ስለሚወዱ ነው።

ክለቦቹንም መፍረድ ይከብዳል። ነገሩ በእርሻ ወቅት በሬ እንደማዋስ ነው። በሬውን የሚቀልበው አንተ፣ የሚያርስበት ሌላ ሰው። ሲመለስ ቢያነክስ ማን ይክሳል? ፊፋ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው እያደር ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዋናው ብሔራዊ ቡድን ግዴታ ላይ ተጎድቶ ከ28 ቀን በላይ ለሚቀር ተጫዋች የክለቡን ደመወዝ የሚሸፍን ዋስትና አለ። ጣሪያው ለአንድ ተጫዋች 7.5 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ከ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ደግሞ ተጫዋች ለለቀቁ ክለቦች 209 ሚሊዮን ዶላር ተከፋፍሏል። ለ2026ቱ የተመደበው 355 ሚሊዮን ነው፣ ለማጣሪያ ጨዋታ ብቻ ተጫዋች የለቀቁ ክለቦችም ድርሻ እንዲኖራቸው ተደርጓል። ዋልያዎቹ በዚያ ማጣሪያ ከግብፅ፣ ቡርኪናፋሶ፣ ጊኒ ቢሳው፣ ሴራሊዮንና ጅቡቲ ጋር ስለነበሩ ጉዳዩ የኛንም ክለቦች ይመለከታል። የክለቦቻችን የሒሳብ ክፍሎች ይህን መከታተል አለባቸው። ከከተማ አስተዳደር በጀት ብቻ የሚጠብቅ ክለብ እንዲህ ያለ ገንዘብ ሊያመልጠው አይገባም።

አሁን ወደ አገር ቤት እንምጣ።

እንግሊዝ ውስጥ ብሬክ ሲሆን ተጫዋቾቹ ወደ ብዙ አገር ይበተናሉ። እኛ ጋ አቅጣጫው አንድ ነው። የዋልያዎቹ አብዛኛው ስብስብ የሚጠራው ከአገር ውስጥ ሊግ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ ካሜሩን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫም እንደዚያ ነበር። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለስንበት በ2005ቱ የደቡብ አፍሪካ ውድድርም የቡድኑ ዋና አካል የአገር ውስጥ ልጆች ነበሩ። የእንግሊዝ ሊግ ለአፍሪካ ዋንጫ አይቆምም፣ ምክንያቱም ከአንድ ክለብ የሚሄደው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። የኛ ሊግ ቢቀጥል ግን ትልልቆቹ ክለቦች ግማሽ ቋሚ አሰላለፋቸውን ያጣሉ። ስለዚህ ለአፍሪካ ዋንጫ መቆም ያለብን ይመስለኛል። ይህ ብዙ አያከራክርም።

የሚያከራክረው ቻን ነው። ቻን በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሳተፉበት የአፍሪካ ዋንጫ ነው፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ኮትዲቯር ላይ ተጀመረ። ይህ ውድድር ክለብን በሚያስገድደው የፊፋ ካላንደር ውስጥ አልነበረም። ክለብ አለቅም ቢል በወረቀት ደረጃ ይችላል። በተግባር ግን የብሔራዊ ቡድን ጥሪ ላይ እምቢ የሚል ክለብ በዚህ አገር ማን ይወደዋል? 2015 ዓ.ም. ላይ አልጄሪያ ድረስ ሄደን ከሞዛምቢክ ጋር ያለ ጎል ወጣን፣ በአልጄሪያ 1 ለ 0፣ በሊቢያ 3 ለ 1 ተሸነፍንና ተመለስን። ሦስት ጨዋታ ነው። ከሦስቱ ጨዋታ በፊት ግን ዝግጅት አለ፣ ካምፕ አለ፣ የወዳጅነት ጨዋታ አለ። ሊግን የሚያንገላታው ይሄ ጅራቱ ነው እንጂ ውድድሩ ራሱ አይደለም።

ዘጠኝ ቀን መቆም ማንንም አይገድልም። የሚጎዳው ሦስትና አራት ሳምንት ሲሆን ነው፣ በተለይ ደግሞ ሳይታሰብ ሲመጣ። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክለቦችን በአንድ ከተማ ሰብስቦ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ አዛውሮ የማጫወት አሠራር ለምዷል። ክለቡ ሆቴል ይዞ ይቀመጣል። አልጋ፣ ምግብ፣ አውቶቡስ፣ ውሎ አበል። ሊጉ በድንገት ሲቆም ወይ ሆቴሉን እየከፈለ ይቀመጣል፣ ወይ ቡድኑን አሳፍሮ ወደ ከተማው ይመልሳል፣ ከዚያ እንደገና ይጓዛል። ደመወዝ ግን አይቆምም። አንድም ተጫዋች ያልተጠራበት ክለብ ስምንት ከተጠሩበት ክለብ እኩል ይከፍላል።

ወሎ ላይ ሆኖ ሲያዩት ነገሩ የበለጠ ይጎመዝዛል። ወልዲያ በ2010 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ደሴ ከተማንና ኮምቦልቻ ከተማን የምናውቃቸው በታችኞቹ ሊጎች ነው። ከነዚህ ሊጎች ለዋልያዎቹ የሚጠራ ልጅ ብርቅ ነው። እንግዲህ እነሱ ለምን ይቆማሉ? ምክንያት አይታየኝም። ሊግ ዋን ያለው ደንብ ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ላለው ለኛ ከፍተኛ ሊግና ከዚያ በታች ላሉት ልክክ ይላል። ሦስት ልጅ የተጠራበት ክለብ ካለ ጨዋታው ይራዘም። ሌላው ይጫወት።

ወቅቱም አለ። ወሎ በልግ የሚዘንብበት አገር ነው። የመጋቢቱ መስኮት የሚውለው በልጉ መሃል ነው። ከዚያ ግንቦት፣ ከዚያ ሰኔ ሲገባ የክረምቱ ደመና ጦሳ ተራራ ላይ ይቀመጣል። ሐምሌ ላይ በሣር ሜዳ ኳስ መጫወት ምን እንደሚመስል ደሴ ያደገ ሰው ያውቃል። ኳሷ ትንሳፈፋለች፣ በረኛው ይንሸራተታል፣ ዳኛው መስመሩን አያየውም። እና በበጋ፣ በደረቁ ወር ሊጉን አቁሞ የተራዘሙትን፣ ተስተካካይ የሚባሉትን ጨዋታዎች ወደ ሰኔና ሐምሌ መግፋት ለኛ ከባድ ዋጋ አለው። አውሮፓ ውስጥ ካላንደር የሚሠራ ሰው ይህ ጭንቀት የለበትም። እኛ ጋ ደግሞ የረመዳንም የዐቢይ ጾምም ነገር አለ። ከሰዓት በስምንት ሰዓት ፀሐይ ላይ ጾመኛን ማጫወት ምን እንደሆነ ወሎ ውስጥ ያለ አሰልጣኝ በደንብ ያውቀዋል።

ተስተካካይ ጨዋታ ሌላም በሽታ አለው። ሰንጠረዡን ያጣምመዋል። አንዱ ክለብ 17 ተጫውቶ ሌላው 14 ሲሆን መሪ ማን እንደሆነ፣ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ በትክክል አይታወቅም። ወደ መጨረሻ ሲጠጋ ውጤቱን አይቶ የሚጫወት ክለብ ይኖራል። ከዚያ ሐሜት ይነሳል። ሐሜቱ እውነት ባይሆንም ሊጉን ይጎዳዋል።

ሳይቆሙ መቀጠልም የራሱ ጣጣ አለው፣ ይህን ካልተናገርኩ አድሎ ይሆንብኛል። አውስትራሊያ ውስጥ ራግቢ ሊግ የሚባለው ስፖርት በዓመቱ መሃል ኒው ሳውዝ ዌልስና ኩዊንስላንድ የተባሉ ሁለት ክልሎችን ያጋጥማል። ስሙ ስቴት ኦፍ ኦሪጅን ነው፣ የተጀመረው በ1980 እ.ኤ.አ.፣ ከ1982 ጀምሮ በዓመት ሦስት ጨዋታ ነው። የክለቦች ሊግ ሙሉ በሙሉ አይቆምም። ጨዋታው ብዙ ጊዜ ረቡዕ ማታ ይደረጋል፣ በዙሪያው ባሉት ቀናት የክለብ ጨዋታዎች ቁጥር ይቀንሳል። ብዙ ኮከብ ያለው ክለብ ተጫዋቾቹን ለክልሉ ሰጥቶ በተተኪዎች ነጥብ ይጥላል። ጥሩ ልጅ በማፍራቱ ተቀጣ ማለት ነው። እዚያም በየዓመቱ ይነታረኩበታል። እኛ በዞንና በክልል ምርጥ ቡድን ስንመርጥ ተመሳሳይ ነገር ይገጥመናል። ዞኑ ከአንድ ክለብ አምስት ልጅ ይወስድና ክለቡ በዚያው ሳምንት ይሸነፋል።

የቅርጫት ኳሱ ደግሞ ሌላ ጽንፍ ነው። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓመቱ መሃል የብሔራዊ ቡድን መስኮት ከፈተ። የአሜሪካው ኤንቢኤም የአውሮፓው ዩሮሊግም አልቆሙም። ብዙ አገሮች ምርጥ ተጫዋቾቻቸው ሳይኖሩ ያጣራሉ። እግር ኳስ እዚያ እንዳይደርስ የያዘው የፊፋ የመልቀቅ ግዴታ ነው፣ በዚህ በኩል ለፊፋ ምስጋና ይገባዋል።

ስለዚህ የኔ አቋም ይሄ ነው። ፕሪሚየር ሊጉ በፊፋ መስኮት ይቁም፣ ግን በመስኮቱ ልክ ብቻ። ከሰኞ እስከ ማክሰኞ። አሰልጣኙ ተጨማሪ ሁለት ሳምንት ዝግጅት ከፈለገ ሊጉ ከመጀመሩ በፊት ያሳውቅና መርሐ ግብሩ ላይ ይግባ። መሃል ላይ በደብዳቤ አይምጣ። ለቻን ከተቆመ የቆሙት ሳምንታት ወጪ በክለቦቹ ላይ ብቻ አይውደቅ። የታችኞቹ ሊጎች ይጫወቱ።

አንዳንዱ ሰው «ለአገር ነው፣ ምን ሒሳብ ያስፈልጋል?» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲረቱ እኔም የጮህኩት ከሁሉም ጋር ነው። ግን ያ «የሜዳችን» ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር። ወልዲያ ላይ በጥር 2009 የተመረቀ፣ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም አለ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ የባሕር ዳርን ስታዲየም ካገደ በኋላ ግን ብሔራዊ ቡድኑ ለዓመታት የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ነው ያደረገው። ሊጉን አቁመን ጨዋታውን በስልክ የምንከታተል ሕዝብ ነበርን። የመቆሙን ዋጋ የሚከፍለው ክለብና ደጋፊ ቢያንስ አንድ ጨዋታ በዓይኑ ቢያይ ቅሬታው ይቀል ነበር።

ካላንደሩ ራሱም እየተለወጠ ነው። ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፈረንጆቹ መስከረምና ጥቅምት መስኮቶች ተዋህደው አንድ ረጅም መስኮት ሆነዋል። አሥራ ስድስት ቀን፣ ቢበዛ አራት ጨዋታ። የመጀመሪያው በኛ አቆጣጠር ከመስከረም 11 እስከ 26 ቀን 2019 ላይ ይውላል። የአውሮፓ ሊጎች ገና እንደጀመሩ ሁለት ሳምንት ይቆማሉ። ለኛ ግን ምቹ ነው። ሊጉ ከመስከረም 26 በኋላ ቢጀመር ያንን ብሬክ ጨርሶ አናየውም። የሚቀረን የኅዳሩና የመጋቢቱ፣ ካልጨረስን ደግሞ የሰኔው ነው። እነዚህን ቀኖች ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ማስፈር ይቻላል።