ታዳሚን የሚይዝ ዝግጅት፦ ሐሳቡ ከየት ይመጣል?

ኢቨንት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን መድረክ፣ መብራትና ድምጽ ማጉያ ነው። የዝግጅት ንድፍ ግን ከዚህ ይሰፋል። እንግዳው ከበር ገብቶ እስኪወጣ ምን ያያል? ከማን ጋር ያወራል? በእጁስ ምን ይሠራል? ይህን ሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ነው። የሚገርመው፣ ሙያው ከሚኮራባቸው ሐሳቦች ብዙዎቹን ያመጡት የሙያው ሰዎች አይደሉም። ከሠዓሊ፣ ከቴአትር ሰው፣ ከሥነ ልቦና ተመራማሪ የተወሰዱ ናቸው።

ሥራው የቆየ ነው። በ1851 ለንደን ውስጥ፣ በመስታወትና በብረት በተሠራው ክሪስታል ፓላስ የተካሄደው ታላቅ ኤግዚቢሽን 6 ሚሊዮን ያህል ጉብኝት አስተናግዷል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። «የልምድ ኢኮኖሚ» የሚለው አጠራር የገነነው ግን በ1998 የንግድ አማካሪዎቹ ጆሴፍ ፓይንና ጄምስ ጊልሞር ከጻፉበት ወዲህ ነው። ነገራቸው ባጭሩ፣ ሰው ለዕቃና ለአገልግሎት እንደሚከፍለው ሁሉ ለማይረሳ ቆይታም ይከፍላል የሚል ነው።

ታዳሚውን ከወንበሩ ያስነሱት አርቲስቶች ናቸው። በ1959 አለን ካፕሮው የተባለ አሜሪካዊ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ጋለሪ በፕላስቲክ ከፋፍሎ ሦስት ክፍል አደረገው። ለመጣው ሰው ካርድ ታደለ። የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ ተነስቶ ወደ ሌላው ክፍል እንደሚሄድ ካርዱ ላይ ተጽፏል። በ2000 የተቋቋመው ፓንችድራንክ የተባለ የእንግሊዝ የቴአትር ቡድን ደግሞ ነገሩን ገፋበት። ተመልካቹ ጭምብል ያጠልቅና በሕንፃው ውስጥ እንደፈለገ ይዞራል። አንዱ ተመልካች ተዋናይ ተከትሎ ደረጃ ይወጣል፣ ሌላው ባዶ ክፍል ገብቶ ዕቃ ይበረብራል። ሁሉንም ያየ ሰው የለም። ስለዚህ ሲወጡ «አንተስ ምን አየህ?» መባባል ግድ ነው። ለኔ ትልቁ ብልሃት ይሄ ነው።

አንዳንዴ መመሪያም አያስፈልግም። አርቲስቱ ኦላፉር ኤሊያሰን በ2003 ለንደን በሚገኘው ቴት ሞደርን ሙዚየም ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ግማሽ ክብ ቢጫ ብርሃን ሰቀለ። ጣሪያውን መስታወት አለበሰው። ግማሹ ክብ መስታወቱ ላይ ሲንጸባረቅ ሙሉ ፀሐይ ሆነ። ጎብኚዎች ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ እላይ የሚታየውን ምስላቸውን እያዩ እጅና እግራቸውን ያወራጩ ነበር። የማያውቋቸውን ሰዎች ጨምረው ቅርጽ የሠሩም ነበሩ። ተኙ ያላቸው የለም፤ መስታወቱ ነው የጋበዛቸው።

ስብሰባም ቢሆን ከዚህ ይማራል። ሃሪሰን ኦወን የተባለ አሜሪካዊ ብዙ የለፋበት ኮንፈረንስ ላይ ሰው ከሁሉ የወደደው የቡና እረፍቱን ሆኖ አገኘው። ቅር ከመሰኘት ይልቅ በ1985 ስብሰባውን ራሱን እንደ እረፍት አደረገው። ወንበር በክብ ይደረደራል፣ ግድግዳው ባዶ ይተዋል፣ መወያየት የፈለገ ርዕሱን ጽፎ ይለጥፋል። ካለበት ቡድን የማይማር፣ የማያዋጣም ሰው እግሩ ወደመራው ይሄዳል። ይሉኝታ ብሎ ነገር የለም።

ስለ ቴክኖሎጂ ብዙ አልልም። ታዳሚው እጅ ላይ የሚበራ አምባር ያምራል። ግን ማይኩ ካልሠራ ሁሉም ዋጋ የለውም።

በጣም የሚረሳው ማብቂያው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካነማንና ባልደረቦቹ በ1993 ባወጡት ጥናት ሰዎች እጃቸውን 14 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ ነከሩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ 60 ሰከንዱ ላይ 30 ሰከንድ ተጨመረ፤ በጭማሪው ውሃው ቀስ በቀስ ወደ 15 ዲግሪ ሞቀ። የትኛው ይደገም ተብለው ሲጠየቁ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። ማለቂያው ሻል ስላለ ነው። አሁን አንድ የተለመደ ፕሮግራም አስቡ። ዋናው እንግዳ ተናግሮ ጨርሷል። መድረክ መሪው የስፖንሰሮችን ስም ከወረቀት እያነበበ ነው። ከኋላ ወንበር ይንቋቋል፣ ሰው ቦርሳውን አንስቶ በጎን ይወጣል። ያ ወረቀት መሀል ላይ ቢነበብ ስፖንሰሩም ባልከፋው።