«ሰብስታንሺዬት» ምን ማለት ነው?

ሀዋሳ ውስጥ የጎረቤቴን ልጅ ለፈተና ሳስጠና አንድ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ላይ ደረስን። ከተማ ውስጥ ዛፍ መትከል ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ይላል። መጨረሻው ላይ «ሰብስታንሺዬት ዩር አንሰር» የሚል አለ («ዩር አንሰር» መልስህን ማለት ነው)። ልጁ «ይጠቅማል» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ «ይህ እውነት ነው፤ በጣም እውነት ነው» ብሎ ጨመረበት።

ለካ መዝገበ ቃላት አይቶ ነበር። «ማረጋገጥ» ይላል። እሱም አረጋገጠ! ጥፋቱ የሱ አይመስለኝም። ማረጋገጥ በአማርኛ ብዙ ቦታ ይገባል። ቀጠሮ እናረጋግጣለን፤ በሩ መቆለፉን እናረጋግጣለን፤ የተናገርነውን ስንደግመውም «አረጋግጥልሃለሁ» እንላለን። የእንግሊዝኛው ግስ ግን ከዚህ ጠበብ ይላል። ለተናገርከው ነገር የሚሸከመው ማስረጃ ከሥሩ አስቀምጥ ማለት ነው። «ከሥሩ» ያልኩት በምክንያት ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን «ከሥር» እና «መቆም» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉበት። በኛ በኩል በጣም የሚቀርበው «በተጨባጭ ማስረጃ ማስደገፍ» ነው። ተጨባጭ ማለት በእጅ የሚጨበጥ ነው። እነሱ ከሥር የሚቆም ነገር ፈለጉ፣ እኛ ደግሞ በእጅ የሚያዝ። ይሄ ልዩነት በጣም ደስ ይለኛል።

ለልጁ ምሳሌ ያደረግኩለት ሐይቃችንን ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ይገባል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። እንዲህ ያለ ሐይቅ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ጨው ይጠራቀምበታል። ሻላና አቢጃታን ማየት ይበቃል። የሀዋሳ ሐይቅ ግን እንደነሱ ጨዋማ አይደለም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ውሃው ከመሬት በታች እየሰረገ ይወጣል ይላሉ። የውሃው ጨዋማ አለመሆን ይህን አባባል ሰብስታንሺዬት ያደርገዋል። «ፕሩቭ» ያደርገዋል ወይ፣ ማለትም እውነት መሆኑን ያለ ጥርጥር ያሳያል ወይ? ብቻውን አያደርገውም። ፕሩቭ ክርክሩን ይዘጋል። ሰብስታንሺዬት ግን ለነገሩ ክብደት ይሰጠዋል፤ ሰሚው «ይሄ ሰው ዝም ብሎ አይደለም የሚያወራው» ይላል።

«ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ለክቶ ያንኑ ቢያገኝስ?» አለኝ። ጎበዝ! እሱ «ኮሮቦሬት» ነው። አንዱ የተናገረውን ሌላው ከራሱ በኩል ሲያጠናክረው፣ ልክ እንደ ሁለተኛ ምስክር።

አጠቃቀሙ ብዙ አያስቸግርም። ሰብስታንሺዬት የሚደረገው ሰው ሳይሆን የተባለው ነገር ነው፦ ክስ፣ ወሬ፣ የማስታወቂያ ቃል። ስታነቡት «ስታን» የሚለው ላይ ጠንከር በሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን አሉታዊው፣ «አንሰብስታንሺዬትድ» የሚለው ነው። ዜና ላይ በብዛት የምናገኘው እሱን ነው። ሲተረጎም አንዳንዴ «ሐሰተኛ» ወይም «መሠረተ ቢስ» ተብሎ ይቀመጣል። ይሄ ትልቅ ስህተት ነው። ቃሉ ማስረጃ አልቀረበለትም ነው የሚለው፤ ውሸት ነው አላለም። አንድ ሰው በሙስና ተጠርጥሮ ማስረጃ ባይቀርብበት ክሱ አንሰብስታንሺዬትድ ነው። ነገ ማስረጃ ሊገኝ ይችላል፤ ላይገኝም ይችላል። «መሠረተ ቢስ» ካልን ግን ከሳሹን ዋሾ አደረግነው። «በማስረጃ ያልተደገፈ» ብንል ለከሳሹም ለተከሳሹም ፍትሐዊ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ይርዘም።

ልጁ ሁለተኛውን መስመር በላጲስ አጠፋው። ትንሽ አሰበና በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ስላለው መዝናኛ፣ ስለ ፍቅር ሐይቅ፣ እንዲህ ጻፈ፦ «ፍቅር ሐይቅ ዳር በቀትር ሰው የሚቀመጠው ከዛፎቹ ሥር ነው።»