ዋርካው ለምን አይንሳፈፍም? ስለ ሰንሰለት ዥዋዥዌ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባልንጀራችን ዋርካው ከእኛ ጋር ሦስት ጊዜ ከጎንደር አዲስ አበባ ሄዷል፤ ሦስቱንም ጊዜ መዝናኛ ፓርክ ገብቶ ጫማችንን ሲጠብቅ ውሏል። ቅጽል ስሙን ያገኘው ከጃን ተከል ዋርካ ነው፤ ለምን እንደሆነ ቁመቱና ጎኑ ይመሰክራሉ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ጫማ ጠብቆ መመለስ የዋርካው ዕጣ ሆኖ ቆየ።

እኛ አራታችን ከሌላው ጨዋታ ሁሉ የምንወደው የሚሽከረከረውን የሰንሰለት ዥዋዥዌ ነው። መሃል ላይ ረጅም ምሰሶ አለ፤ አናቱ ላይ ሰፊ ክብ ጣሪያ ይዞራል፤ ከጣሪያው ዙሪያ ወንበሮች በሰንሰለት ተንጠልጥለዋል። ጣሪያው ፍጥነት ሲጨምር ወንበሮቹ እንደ ዘፋኝ ቀሚስ ጠርዝ ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። እግር አየር ላይ ስለሚቀር ላላ ያለ ጫማ ይወድቃል፤ ስለዚህ አውልቀን ለዋርካው እንሰጠዋለን።

ባለፈው ሐምሌ እዚያው ጎንደር ፒያሳ ቡና ስንጠጣ፣ ዝናቡ አላስወጣን ሲል፣ ለምን እንደማይሳፈር ጠየቅሁት። «እኔ ብቀመጥ ወንበሩ አይዘረጋም። እናንተ ስትንሳፈፉ እኔ እንደ ጆንያ ተንጠልጥዬ እዞራለሁ። መሳቂያ አልሆንም» አለ። ደነገጥሁ፤ ምክንያቱም ይህን ያስተማርነው እኛው ነን። ዕዳዬን ለመክፈል ያህል፣ ስለዚህ ጨዋታ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ለዓመታት ያወራነውን ስሕተት ልለቅመው።

«ከባድ ሰው ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ ቀላል ሰው ከፍ ይላል»

የስሕተቱ ምንጭ የመጀመሪያው ጉዟችን ነው። ከመካከላችን ሞላ ያለው ልጅ ከምሰሶው ቀረብ ባለው የውስጥ ረድፍ ተቀመጠ፤ ቀጭኑ በውጭው ረድፍ። ሲዞር ቀጭኑ ከፍ ብሎ ተዘረጋ፤ ሞላ ያለው ዝቅ ብሎ ቀረ። እስከ ጎንደር ድረስ በክብደቱ ስቀንበታል። ዋርካውም አብሮን ሳቀ፤ በልቡ ግን የራሱን ኪሎ እያሰላ ነበር ማለት ነው።

ጥፋቱ የኪሎው ሳይሆን የረድፉ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ክብደት ወንበሩን ወደ ታች ይስባል፤ ወንበሩ ዙሪያውን እንዲሄድ ደግሞ ሰንሰለቱ ወደ መሃል መሳብ አለበት። ኪሎው እጥፍ የሆነ ሰው ወደ ታች የሚሳበው በእጥፍ ነው፤ ወደ መሃል ለመጠምዘዝም እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ሁለቱ እኩል ስለሚያድጉ የሰንሰለቱ ማዘንበል አይለወጥም። ማዘንበሉን የሚወስኑት የዙሩ ፍጥነትና ከምሰሶው ያለው ርቀት ናቸው። በአምስት ሰከንድ አንድ ዙር የሚዞርና ከመሃሉ 6 ሜትር የራቀ ወንበር ሰንሰለቱ ወደ 44 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ 50 ኪሎ ሰው ቢቀመጥበትም፣ 100 ኪሎ ሰው ቢቀመጥበትም። ባዶው ወንበር እንኳ አጠገባቸው ይንሳፈፋል። ነፋሱ ቀላሉን ወንበር በመጠኑ ወደ ኋላ ይጎትተዋል እንጂ ሌላ ልዩነት የለም።

ዋርካው «ወሬ ነው» አለ። እኔም ጃንጥላዬን ዘረጋሁ። ከባለ ሱቁ አንድ ጓጉንቸር ከነመክፈቻው ተውሼ፣ ጓጉንቸሩን በአንዱ ዘንግ ጫፍ፣ መክፈቻውን ፊት ለፊቱ ባለው ዘንግ ጫፍ፣ እኩል ርዝመት ባለው ሲባጎ አሰርኋቸው። ቀጥ አድርጌ ይዤ እጀታውን ሳሽከረክር ሁለቱም ሲባጎዎች እኩል ተዘረጉ። ጓጉንቸሩ እንደ ቡጢ ይከብዳል፤ መክፈቻው ከአንድ ሳንቲም እምብዛም አይበልጥም። እርግጥ ጃንጥላው ወደ ጓጉንቸሩ በኩል እየጎተተ እጄን ያንገዳግደኝ ነበር፤ ዋርካውም «ይኸው! እኔም ምሰሶውን ይዤ ልወድቅ ነው» አለ። የፓርኩ ምሰሶ ግን በብረትና በሲሚንቶ የተተከለ እንጂ በእኔ ክንድ የተያዘ አይደለም።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ መለየት አለበት። በመግቢያው ላይ የተለጠፈ የክብደት ገደብ ካለ ይከበራል። ገደቡ የተቀመጠው ለወንበሩና ለሰንሰለቱ ጥንካሬ ነው፤ መንሳፈፍ ከመቻልና ካለመቻል ጋር አይገናኝም።

«እዚያ ላይ ሰው እንደ ላባ ይቀላል»

ይህን የምለው እኔ ነበርኩ፤ ከሁሉም የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው። እውነታው ተቃራኒው ነው፤ ሰው እዚያ ላይ ይከብዳል። ቀደም ባለው ምሳሌ፣ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወንበሩን የሚጫነው 111 ኪሎ ያህል የሚመዝን ይመስል ነው። ዳሌያችን ከወንበሩ ጋር የተጣበቀ የሚመስለን፣ እጃችንን ለማንሳት የሚያታክተን ለዚህ ነው። ቅልል የሚል ስሜት የፈለገ ሰው አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ጥር 11 ቀን በፋሲል መዋኛ ውሃው ከተባረከ በኋላ ከግንቡ ላይ የሚዘልሉትን ወጣቶች ይጠይቅ። እግራቸው ከግንቡ ለቆ ውሃው እስኪነካ ድረስ ከሥር የሚደግፋቸው ነገር የለም፤ ሆድ የሚንሳፈፈው ያን ጊዜ ነው። ፍጥነት ለብቻው ይህን አያመጣም፤ ከአዘዞ የተነሳ አውሮፕላን በሰዓት በመቶዎች ኪሎ ሜትር እየበረረ ቡናችን ከሲኒው አይነቃነቅም።

«ሰንሰለቱ ቢበጠስ ወንበሩ ወደ ውጭ ይወረወራል»

ይህን የሚል ሰው ወንጭፍ ወርውሮ አያውቅም። በደምቢያ ማሳ ማማ ላይ ቆሞ ማሽላ የጠበቀ ልጅ ነገሩን ከማናችንም በፊት ያውቀዋል፤ ወንጭፉ ወደ ወፎቹ ሲያመለክት ከለቀቀ ድንጋዩ በጎን ያልፋቸዋል። የሚለቀው ድንጋዩ ወደ ወፎቹ በሚጓዝበት ቅጽበት ነው። የተፈታ ነገር ከመሃሉ ተገፍቶ አይርቅም፤ በለቀቀበት ቅጽበት በያዘው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ወደ ውጭ የሚገፋን የመሰለን ኃይል በእርግጥ የሰውነታችን ቀጥ ብሎ የመሄድ ልማድ ነው፤ ሰንሰለቱ ያን ልማድ በግድ ይጠመዝዘዋል። ባጃጅ በፍጥነት ሲታጠፍ ትከሻችን በአጠገባችን የተቀመጠውን ሰው የሚጫነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«የሚያዞረን ጨጓራችን ነው»

ከመሳፈር በፊት ብዙ አለመብላት ጥሩ ነው፤ ማዞሩ የሚጀምረው ግን በውስጠኛው ጆሮ ነው። እዚያ ያለው ፈሳሽ ከእኛ ጋር ይዞራል፤ እኛ ስንቆም እሱ ጥቂት ይቀጥላልና አንጎላችን አሁንም የምንዞር ይመስለዋል። አውቶቡስ ውስጥ ስልክ እያነበቡ የሚታመሙ ሰዎችም ችግራቸው ዓይንና ጆሮ አለመስማማታቸው ነው። የእናቶቻችንን ሎሚ ማሽተት በተመለከተ አልከራከርም፤ እኔም ኪሴ ውስጥ አንድ አለኝ።

«ይህ ሁሉ የአሜሪካኖች ፈጠራ ነው»

አንደኛው ጓደኛችን በዚህ ይምላል። ጆርጅ ፌሪስ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ ዐውደ ርእይ 80 ሜትር የሚጠጋ ጎማ አቁሞ፣ በ36 ክፍሎች በአንድ ጊዜ 2,160 ሰው ማሳፈሩ እውነት ነው። ነገር ግን እንግሊዛዊው ተጓዥ ፒተር ሙንዲ እ.ኤ.አ. በ1620፣ ዛሬ ቡልጋሪያ በምትባለው አገር ባለችው በፕሎቭዲቭ ከተማ፣ በበዓል ቀን ሰው በሚሽከረከር የእንጨት ጎማ ሲጫወት አይቶ ጽፏል። አፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው 16 ዓመት በፊት መሆኑ ነው! የእንጨት ፈረሶች የሚዞሩበት ጨዋታ ደግሞ ሥሩ የፈረሰኞች ልምምድ ነው፤ ወጣት ፈረሰኞች እየዞሩ በጦር ቀለበት መውጋት ይለማመዱበት ነበር። በእኔ ግምት ከእኛ ጉግስ ጋር ቢገናኙ ዝምድናቸውን አይክዱም።

ለልጆች ብቻ የተሠራ ነው ለሚሉት መልስ አልሰጥም፤ አብረውን ወረፋ የቆሙትን አዛውንቶች አላዩም።

በመስከረም አራተኛውን ጉዞ ሄድን። ዋርካው የመግቢያውን ሰሌዳ ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ኪሎው ከገደቡ በታች ነበር። ሳይናገር በውጭው ረድፍ ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላው። በፊቱ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ጣሪያው መዞር ሲጀምር ሰንሰለቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይኑን ከባዶው ወንበር ላይ አልነቀለም። ባዶው ሲዘረጋ እሱም ተዘረጋ፤ ባዶው ከፍ ሲል እሱም ከፍ አለ፤ በመካከላቸው አንድ ክንድ ልዩነት አልነበረም። በሦስተኛው ዙር ላይ አንድ እጁን ለቀቀና ወደ ታች አመለከተ። አየሁት። አጥሩ ሥር፣ ማንም ሳይጠብቃቸው፣ አምስት ጥንድ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ከዳር ያለው የእሱ 45 ቁጥር ነው።