ንዑሰ ክርስቲያን፦ በዐዋቂነት ወደ ጥምቀት የሚመጡ ሰዎች አቀባበል

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ንዑሰ ክርስቲያን የሚባለው አምኖ ትምህርት የጀመረ፣ ግን ገና ያልተጠመቀ ሰው ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሚለው ቀጠሮ ለሕፃናት ነው፤ ከዐዋቂ የሚጠበቀው አምኖ መማር ነው። ዘሩ፣ ቋንቋው፣ የቀድሞ ሃይማኖቱ ወይም ያሳለፈው ሕይወት አይከለክለውም። መምህራን ለዚህ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ያነሣሉ፦ በኦሪት ዘዳግም 23 ሕግ ወደ ጉባኤ እንዳይገባ የተከለከለ ጃንደረባ በጋዛ መንገድ በፊልጶስ እጅ ተጠመቀ።

ሲኖዶስ በተባለው የግዕዝ የቤተ ክርስቲያን ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ጥንታዊ ሥርዓት ለትምህርቱ 3 ዓመት ይሰጣል፤ ትጉህ ከሆነ ግን ጊዜው ሳይሆን ጠባዩ ይታይ ይላል። ዋናው ትምህርት አምስቱ አዕማደ ምሥጢር (የእምነቱ ምሰሶዎች) ነው፦ ሥላሴ፣ ሥጋዌ (የአምላክ ሰው መሆን)፣ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ትንሣኤ ሙታን። የእምነት መግለጫ የሆነው ጸሎተ ሃይማኖትም ይጠናል። በቅዳሴ ወንጌል ከተነበበ በኋላ ዲያቆኑ «ፃኡ ንዑሰ ክርስቲያን» ሲል ያልተጠመቁት ይወጣሉ። አስቀድሞ ካልተነገረው እንግዳው እንደተባረረ ይቆጥረዋል፤ የሚወጣው ግን መልእክታቱንም ወንጌሉንም ሰምቶ ነው።

ብዙ ችግር የሚመጣው ከክርስትና አባትና እናት ምርጫ ነው። ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ግን ዝምድናው የሥጋን ያህል ነው። ሊያገባ የመጣ ወጣት የእጮኛውን አባት ክርስትና አባት ካደረገ እጮኛው በመንፈስ እኅቱ ትሆናለች፤ ጋብቻውም ይሰናከላል። ጓደኛን ወይም የአጥቢያ አገልጋይን መምረጥ ይሻላል።

በዕለቱ ተጠማቂው ጾሞ ይመጣል። ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሥላሴ ማመኑን ይናገራል። ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ይጠልቃል፤ ሜሮን የተባለውን ቅዱስ ዘይት ይቀባል፤ ማዕተብ ይታሰርለታል፤ በዚያው ቅዳሴ ይቆርባል። ገብረ ሥላሴን ወይም ወለተ ማርያምን የመሰለ የክርስትና ስም ይወጣለታል። ሲቆርብም ከኃጢአት ሲፈታም ሲሞትም ካህኑ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው፤ ማዕረግ እዚህ ቦታ የለውም።

በሩ ክፍት ነው ማለት ግን ቃሉ ይለወጣል ማለት አይደለም። በ1970 እ.ኤ.አ. ወደ ጃማይካ የተላኩት አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ፣ ይህ ገጥሟቸዋል። አንዳንድ ራስተፈሪያውያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም መጠመቅ ፈለጉ፤ እሳቸው ግን በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብቻ አጠመቁ። ዘፋኙ ቦብ ማርሌይ በ1980 እ.ኤ.አ. ሲጠመቅ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ።

ተጠምቆ የካደና የተመለሰ ሰው ዳግም አይጠመቅም፤ ጸሎተ ሃይማኖት «አንዲት ጥምቀት» ይላልና። ለእሱ ክደው ለተመለሱ የሚሆን የጸሎት መጽሐፍ፣ መጽሐፈ ቄደር፣ ይጸለይለታል፤ ንስሐ ገብቶም ወደ ቁርባን ይመለሳል።