«ስምምነት እንጂ ውል አይደለም» ማለት ምንድን ነው?

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ በተከፈተ ሬዲዮ አንድ ተንታኝ ለደወለ ሰው ሲመክር ሰማሁ። «አይዞህ፣ የፈረምከው ስምምነት ነው፤ ውል አይደለም። አያስገድድህም።» በንዴት መውረጃዬን አለፍኩት። ይህቺን ነገር በጥብቅና ሥራዬ ስንቴ ሰምቻታለሁ! ደንበኛ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ ጣቱን ርዕሱ ላይ ያሳርፋል። «እዩት፣ ስምምነት ነው የሚለው!»

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1675 ውልን የተረጎመው በዚያው በስምምነት ነው፦ ንብረትን የሚመለከት ግዴታ ለማቋቋም፣ ለመለወጥ ወይም ለማስቀረት የሚደረግ ስምምነት። ውል ሁሉ ስምምነት ነው፤ ስምምነት ሁሉ ግን ውል አይደለም። ተንታኙ ይህን ሁለተኛውን ሰምቶ ይሆናል። ግን ላሟን «ከብት» ብለው ስለጠሯት ላምነቷ አይቀርም።

ፈትል የሚያውቁ እናቶች ውል የሚሉት የልቃቂቱን ጫፍ ነው። ውሉ ከተገኘ ክሩ ይተረተራል፤ ከጠፋ ልቃቂቱን ሲያገላብጡ መዋል ነው። (ሁለቱ ቃላት አንድ ሥር አላቸው ብዬ አልከራከርም፤ ለምሳሌ ግን ይመቹኛል።) «እሁድ ቡና እንጠጣ» ተባብለን ወዳጄ ቢቀር አኮርፈዋለሁ እንጂ አልከሰውም። ክሩ አለ፣ የሚሳብ ጫፍ ግን የለውም። «ለሠርጉ ድንኳንና 100 ወንበር በዚህ ዋጋ አከራይሃለሁ» ብሎኝ «እሺ» ካልኩ ግን ጫፉ ተይዟል። ዳኛው ሲስበው ድንኳኑም ኪራዩም ተከታትለው ይመጣሉ። ወረቀቱማ ልቃቂቱ የተቀመጠበት ሙዳይ ነው። ሙዳዩ ላይ «ስምምነት» ተብሎ ቢጻፍ ክሩ ምን ገዶት?

«የመግባቢያ ሰነድ» የሚባለውም ያው ነው። ተፈራራሚዎቹ ለመገደድ አስበው ነበር ወይ? ጥያቄው እሱ ነው። አንገደድም ብለው ከጻፉ ሌላ ነገር።

እዚህ ላይ የሙያዬ ልማድ ዝም አያሰኘኝም። በቃል የተደረገ ውል ብዙውን ጊዜ ይጸናል ስል ቤት የገዛ ሰው እንዳይሰማኝ። ለማይንቀሳቀስ ንብረት ቁጥር 1723 ጽሑፍም ምዝገባም ይጠይቃል። ሕጉ ያዘዘው ፎርም ካልተሟላ ደግሞ፣ በቁጥር 1720 መሠረት፣ በእጃችሁ ያለው ረቂቅ ነው። ብድርም የራሱ ጣጣ አለው፤ ከ500 ብር ካለፈ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል (ተበዳሪው «አዎ፣ ተበድሬያለሁ» ሲል) ወይም በመሐላ ብቻ ነው። አምስት መቶ ብር! ያኔ ገንዘብ ነበር።

ያ ጣቱን ርዕሱ ላይ ያሳረፈ ደንበኛዬ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ወደ መጨረሻው መስመር ወረድኩ። «ይህን ውል ያፈረሰ ወገን 50,000 ብር ገደብ ይከፍላል» ይላል። እስከዚያ አላነበበም።