ቀሚሱን ተዉትና ካሜራውን እዩ

ክሊፕ አብሮኝ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የሴቷን ልብስ ነው። «አጠረ» ወይም «ጨዋ ነው» ይላል። ወሬው እዚያው ያልቃል። ስምንት ዓመት የሙዚቃ ክሊፕ ኤዲት ሳደርግ ኖሬያለሁ፤ አሁን ማታ ማታ ኤዲቲንግ አስተምራለሁ። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር አንድ ክሊፕ ከፍቼ «እዚህ ውስጥ ሴቷ እንዴት ቀረበች? ወንዱስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ሁሌ ስለ ቀሚስ ነው። እውነቱን ለመናገር ታክቶኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች እዚህ ልጻፋቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ለብሳ ከታየች ክብሯ ተጠብቋል፤ ልብሷ ካጠረ ተዋርዳለች»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ሰው ዋናውን ነገር እንዳያይ ዓይኑን ይጋርድበታል።

የእንግሊዛዊውን ዘፋኝ የሮበርት ፓልመርን የ1986 ክሊፕ «አዲክትድ ቱ ላቭ»ን ውሰዱ። ዳይሬክተሩ ቴረንስ ዶኖቫን እንግሊዛዊ የፋሽን ፎቶግራፈር ነበር። ፓልመር ሸሚዝና ክራቫት አድርጎ ይዘፍናል። ከኋላው አምስት ሴቶች ቆመዋል። አምስቱም ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል። ፀጉራቸው ወደ ኋላ ተለጥጧል፤ ከንፈራቸው ቀይ ነው። ጊታርና ድራም ይዘዋል፤ ግን የሚጫወቱት ነገር የለም። ሞዴሎች እንጂ ሙዚቀኞች አይደሉም። ፊታቸው ላይ ደስታም ንዴትም አይነበብም። አሥር ጊዜ አይታችሁት «አንዷን ከሌላዋ ለዩ» ብትባሉ ትቸገራላችሁ። እንዲመሳሰሉ ተደርገው ነው የተሠሩት። ድምፅ ያለው እሱ ነው፤ ስም ያለው እሱ ነው። ሁሉም ሴቶች ለብሰዋል። ነገር ግን እንደ ቤት ዕቃ ተደርድረዋል።

ነገሩ የሚገባችሁ ሲገለበጥ ነው። ካናዳዊቷ ዘፋኝ ሻናያ ትዌይን በ1999 «ማን! አይ ፊል ላይክ ኤ ውመን!» በሚለው ክሊፗ ያንኑ አቀማመጥ ገለበጠችው። እሷ ከፊት ትዘፍናለች። ከኋላዋ መልከ መልካም ወንዶች መሣሪያ ይዘው፣ ፊታቸው ደርቆ ይወዛወዛሉ። ተማሪዎቼ ይሄን ሲያዩ ይስቃሉ። ያኔ ነው «የመጀመሪያውን ስታዩ ለምን አልሳቃችሁም?» የምላቸው። ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አሁን ወደ ቢዮንሴ «ሲንግል ሌዲስ» ኑ። 2008 ነው፤ ዳይሬክተሩ ጄክ ናቫ። ጥቁርና ነጭ ነው። ሦስት ሴቶች እንደ መዋኛ ልብስ ያለ ጥቁር ልብስ ለብሰው ይደንሳሉ። ጭናቸው በሙሉ ይታያል። በቀሚስ መለኪያ ከሄድን ይሄ ከፓልመር የከፋ መሆን ነበረበት። ግን ካሜራውን ተከታተሉት። ሦስቱንም ከራስ እስከ እግር ነው የሚይዛቸው። ረጅም ጊዜ ሳይቆርጥ፣ ማለትም ወደ ሌላ ምስል ሳያልፍ ይቆያል፤ የተቆረጠበትንም ቦታ ለማግኘት እኔ እንኳ ደጋግሜ ማየት ነበረብኝ። ዳንሱ የዳንስ ቀማሪው ቦብ ፎስ ለዳንሰኛዋ ግዌን ቨርደን ሠርቶት በ1969 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከታየ ዳንስ የተወሰደ ነው። ሥራው ከባድ ነው፤ ካሜራውም ሥራውን እንድናይ ያደርገናል። ሴቶቹ ይመራሉ፣ ካሜራው ይከተላል። አጭር ልብስ ነፃነት ነው እያልኩ አይደለም። የልብሱ ቁመት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም ነው የምለው።

የእኛን አገር ክሊፕ ደግሞ ከራሴ እጅ ልንገራችሁ። ገጠር ወጥተን የቀረጽነው የፍቅር ዘፈን ነበር። ልጅቷ ሙሉ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፤ እንስራ ተሸክማ ወንዝ ትወርዳለች። ድምፃዊው ከማዶ ሆኖ ያያታል። ቀረጻው መሀል እግሯን ድንጋይ አዳለጣት። እንስራው ወድቆ ተሰበረ። ልጅቷ ውሃው ውስጥ ቁጭ ብላ ሳቀች። ዝም ብሎ ፈገግታ አይደለም፤ ዓይኗ እስኪጠፋ፣ እንባዋ እስኪመጣ ነው የሳቀችው። ከዚያ ካሜራማኑን «ቀስ በል ብዬህ ነበር!» አለችው። ካሜራው አልጠፋም ነበር። ኤዲት ሳደርግ ያንን ሳቅ አስገባሁት። ፕሮዲዩሰሩ መጥቶ አየውና «ይሄን አውጣው፤ አንገቷን ሰበር ያደረገችውን አድርግልኝ፤ ስሎው ሞሽን ይሁን» አለኝ። አደረግኩት። መጨረሻ ላይ ከእሷ የቀረው ምን ነበር? ውሃ ውስጥ ያለ እግር። አንገቷ ላይ ያለ ማተብ። እንስራ የያዘ እጅ። ወደ መሬት የሚያይ ፊት። ክሊፑ ሲወጣ አስተያየት የሰጡት ሰዎች «የሀገሬ ሴት እንዲህ ጨዋ ናት» እያሉ አመሰገኑ። ልጅቷን የቆራረጥኳት እኔ ነኝ። ቀሚሷ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ነበር።

እና ክሊፕ ስታዩ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፉት። ግጥሙ ያታልላችኋል፤ ዜማው ደግሞ ይወስዳችኋል። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። አፉ ሲንቀሳቀስ በቅርብ የሚታየው ማን ነው? ፊት ሳይኖር የሰውነት ክፍል ብቻ የሚታየው የማን ነው? መንቀሳቀስ የሚጀምረው ማን ነው? ቆሞ የሚጠብቀውስ? አንድ ሰው አየት ካደረገ በኋላ የሚመጣው ሾት የማን ነው? እሱ አየ፣ ተቆረጠ፣ እሷ መጣች። ይሄ ማለት እኛም በእሱ ዓይን አየናት ማለት ነው። እሷ አይታው እሱ የመጣበት ሾት ካለ ቁጠሩት። ሦስት ጊዜ እንዲህ ካያችሁ በኋላ ድምፁን ክፈቱ። ግጥሙ «ንግሥቴ» ሲላት ምስሉ ምን እንደሚያደርጋት ያኔ ይታያችኋል።

«‹የወንድ ዓይን› የሚባለው ተመልካቹ ወንድ ሲሆን ነው»

አይደለም። ፊልም ሴቷን በወንድ እይታ ያሳየናል የሚለውን ይሄን ሐሳብ እንግሊዛዊቷ የፊልም ምሁር ሎራ መልቪ በ1975 ስትጽፍ ስለ ሆሊውድ ፊልም ነበር የምታወራው። የተናገረችው ስለ ካሜራውና ስለ ቆረጣው ነው። ሴት ተመልካችም ካሜራው ባስቀመጣት ቦታ ሆና ነው የምታየው። የወንዙን ክሊፕ እናቴም በዚያው በማዶው ሰውዬ ዓይን ነው ያየችው።

«ዳይሬክተሯ ሴት ከሆነች ችግር የለም»

የዘፋኙን የሮቢን ቲክን የ2013 ክሊፕ «ብለርድ ላይንስ»ን የሠራችው ዳያን ማርቴል ናት። ወንዶቹ ለብሰው፣ ሞዴሎቹ በአንደኛው ቅጂ ልብስ የላቸውም ማለት ይቻላል።

«ሱፍ የለበሰች ሴት ወንድ መሆን ፈልጋ ነው»

እንግሊዝ ውስጥ የተመሠረተው ዩሪዝሚክስ የተባለው ቡድን ዘፋኝ አኒ ሌኖክስ በ1983 «ስዊት ድሪምስ» ላይ ሱፍ ለብሳ፣ ብርቱካንማ ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣ መጣች። ኩሉና ሊፕስቲኩ ግን ፊቷ ላይ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ነው ያደረገችው፤ ዓይኗንም ከካሜራው አትነቅልም። ያ ክሊፕ ኃይሉ እዚያ ነው፤ «ይቺ የትኛዋ ናት?» የሚለውን ጥያቄ አትመልስልህም።

«ይሄ የሴቶች ጉዳይ ነው»

ይሄን የሚሉኝ ብዙውን ጊዜ ወንድ ተማሪዎች ናቸው። አሜሪካዊውን ዘፋኝ ዲአንጀሎን አሳያቸዋለሁ። በ2000 የወጣው «አንታይትልድ» የተባለው ክሊፑ ከሞላ ጎደል አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥቁር መደብ ላይ የቆመ፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን የሆነ ሰው። ካሜራው ዙሪያውን ቀስ ብሎ ይዞረዋል፤ ላቡን፣ ጡንቻውን፣ ከንፈሩን በቅርብ ያያል። ክሊፑ ገነነ። ከዚያ ዲአንጀሎ ኮንሰርት ላይ ሲወጣ ሕዝቡ ልብሱን እንዲያወልቅ ይጮኽበት ጀመር። ሙዚቃውን ለማሰማት መድረክ የወጣ ሰው ነው። በጣም ጎዳው፤ ከኮንሰርት ጉዞው በኋላም ለብዙ ዓመታት ከመድረክ ራቀ። ቀጣዩ አልበሙ የወጣው በ2014 መጨረሻ ነው። አንድ ክሊፕ ሰውን ወደ ገላ ብቻ ሲቀንሰው ምን እንደሚከተል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

«ክሊፑ ላይ የምናየው ራሱ ዘፋኙ ነው»

ሪቻርድ ዳየር የተባለው እንግሊዛዊ ምሁር በ1979 የጻፈው ነገር እስከ ዛሬ ይሠራል። ኮከብ ማለት የተገነባ ምስል ነው ይላል፤ ከፊልሙ፣ ከማስታወቂያው፣ ከቃለ መጠይቁ ተሰብስቦ የሚሠራ። ኮከቡ በአንድ ጊዜ እንደ እኛ ተራ ሰው መሆን አለበት፤ በአንድ ጊዜ ደግሞ ከእኛ የተለየ።

እንደገና ወደ ቢዮንሴ። «ሲንግል ሌዲስ» እና «ኢፍ አይ ዌር ኤ ቦይ» ለአንድ አልበም አንድ ላይ የወጡ ናቸው። ዳይሬክተሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም ጥቁርና ነጭ ናቸው። በአንዱ ማንም የማይደርስባት ዳንሰኛ ናት። በሌላው ፖሊስ ሆና ትሠራለች፣ ትዳር አላት፣ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ አለ፤ መጨረሻ ላይ ሚናው ተገልብጦ የባልና የሚስቱ ቦታ ይለዋወጣል። የተለየችዋ እዚህ፣ ተራዋ እዚያ። አልበሙም በስሙ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ መድረክ ላይ ለምትወጣዋ «ሳሻ ፊርስ» የሚል ስም ተሰጣት። በ2010 ደግሞ ቢዮንሴ ሳሻን እንደማትፈልጋት ተናገረች። ታዲያ የትኛዋ ናት እውነተኛዋ? ጥያቄው ራሱ ስህተት ነው። ሁለቱም ታስቦባቸው የተሠሩ ናቸው።

እኛም ሰፈር ውስጥ ይሄ ስህተት ሰው ይጎዳል። አንድ ድምፃዊ ወዳጅ አለኝ። ክሊፑ ላይ ነጭ መኪና ይነዳል። መኪናውን የተከራየነው ለግማሽ ቀን ነበር፤ አንድ ጭረት እንዳያርፍበት ስንጨነቅ ዋልን። ክሊፑ ከወጣ በኋላ ዘመድ ገንዘብ ሊበደረው መጣ። «የለኝም» ሲል ተኮራረፉ። እሱ ያኔ የቤት ኪራይ የሁለት ወር ውዝፍ ነበረበት። ወንድ ድምፃዊ ሀብታም ሆኖ መታየት አለበት የሚለውም የፆታ ውክልና ነው፤ ወንድ ክሊፕ ላይ እንዴት እንደሚቀርብ ማለት ነው። ስለ እሱ ግን ማንም አያወራም።

«መዝናኛ ነው፣ ምን ይተነተናል?»

ለሦስት ሰከንድ ሾት ሙሉ ቀን መብራት ሲያስተካክሉ የዋሉ ሰዎችን አይቻለሁ። ተመልካቹ ለሦስት ደቂቃ ቢያስብበት ምን ይለዋል?

«የሚተነትን ሰው ሙዚቃውን አይወድም»

የአኒ ሌኖክስን ክሊፕ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ባልወደው ይሄን ሁሉ ጊዜ አላጠፋም ነበር።

የወንዙ ቀረጻ ፉቴጅ ሃርድ ዲስኬ ላይ አለ። ለተማሪዎቼ ሁለቱን ጎን ለጎን እከፍትላቸዋለሁ፤ ሳቁን በአንድ በኩል፣ የተሰበረውን አንገት በሌላ በኩል። ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ተማሪ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አየችና «ስሟ ማነው?» አለችኝ። ክሊፑ ሲያልቅ የሚያልፈውን የስም ዝርዝር ከፈትን። ድምፃዊው አለ፣ ገጣሚው አለ፣ ካሜራማኑ አለ፣ ጄኔሬተሩን ያመጣው ሹፌር አለ። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። እሷ የለችበትም።